የከዲጃን አድራሻ ስለ መጠየቅ

ጥቅምት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.
ሸዋ ሮቢት

ለተከበሩ አቶ ብሥራት
የ«ሸዋ ሮቢት ይግዙ ይሽጡ» የፌስቡክ ቡድን መሥራች፣ የበላይ አስተዳዳሪና የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ላለው የፎቶ ኮፒ ማሽንዎም ጤና ሳይቀር ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ማሽኑ ሰሞኑን ወረቀት እየበላ እንዳስቸገረዎ ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ። ዘጠኝ ሺህ አባላት ያሉትን ቡድን በአንድ አውራ ጣት ቀጥ አድርጎ የሚያስተዳድር ሰው በአንድ ማሽን እንዲህ ሲፈተን ማየት ለማንኛችንም የሚያስደስት አይደለም።

እኔ ቆንጅት ተሰማ እባላለሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ መጥቼ በዚህ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት የስንቱን ኃላፊ ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ በራሴ ስም ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ በለመዱት ሆደ ሰፊነት እንዲያልፉኝ እለምናለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ እርሾ እሸጣለሁ። በቡድንዎ ውስጥ «የደጋ እርሾ» በሚል ስም የሚተዋወቀው የእኔ ነው። ምናልባት አያስታውሱት ይሆናል፤ የማያስታውሱበትን ምክንያት ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የጠየቀችኝ ግን የአጥር ጎረቤቴ ወ/ሮ ሐምዲያ ሷሊሕ ናት። እሷን አይረሷትም። «የሐምዲያ እርሾ» የተባለውን ደረቅ እርሾ በቡድኑ ውስጥ ስትሸጥ ቆይታ፣ ባለፈው መስከረም ወ/ሮ ከዲጃ የምትባል አባል «ከዚች ሴት የገዛሁት እርሾ ሁለት ልጆቼን አሳመመብኝ» ብላ በመጻፏ ከቡድኑ ያባረሯት ሴት ናት። እኔና እሷ አንቺ የምንባባል ስለሆንን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እሳቸው ባልላት አክብሮት እንደጎደለኝ አይቆጠርብኝ።

ሐምዲያ ወደ ቡድኑ ልመለስ ብላ አልጠየቀችም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የከዲጃን አድራሻ። የታመሙትን ልጆች ቤታቸው ሄዳ ልትጠይቅ፣ እናታቸውንም አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልትል ትፈልጋለች። በልጇ በጣይባ ስልክ ሦስት ጊዜ በውስጥ መስመር ጽፋልዎ መልስ ስታጣ፣ የመንግሥት ቋንቋ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ በወግ አድርጌ እንድጽፍላት ወደ እኔ መጣች። ሦስቱንም መልእክት ከፍተው እንዳነበቡት ስልኩ ይመሰክራል፤ ስላነበቡልን በሐምዲያ ስም አመሰግናለሁ።

አድራሻውን ወደ መጠየቁ ከመግባቴ በፊት ግን የራሴ የሆኑ አቤቱታዎች አሉኝ። አሥራ አራት ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው አንድ ቀን ወረቀቱ የራሱ ሲሆን ቶሎ እንደማይለቀው ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

1. ሐሳቡን በተመለከተ

እርሾ በእኛ አገር ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ሊጥ ያለበት ቤት ሁሉ እርሾ አለበት፣ ያለቀበትም ኩባያውን ይዞ ጎረቤት ይሄዳል፣ ሰጪውም ውለታ ሠራሁ አይልም። ይህን ነገር መሸጥ ይቻላል ብዬ በመጀመሪያ ያሰብኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ያለችው እህታችን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና የጎረቤቷን ስም እንኳ አታውቅም፤ ኩባያ ይዛ የማንን በር ታንኳኳለች ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ በጥር ወር 2009 «እርሾ የሚሰጥ ጎረቤት ለሌላችሁ» የሚል ማስታወቂያ በቡድንዎ ላይ ጻፍኩ። ሰባት ሰው ወደደው። ከሰባቱ አንዱ እኔ ራሴ ነኝ፣ አንዷ እህቴ ናት፣ አንዱ ደግሞ እርስዎ ነበሩ፤ በስሕተት ነክተውት ኖሮ በማግስቱ አንስተውታል።

በሁለተኛው ወር ሐምዲያ ጀመረች። እርሾዋን ከማሽላ ዱቄት ጋር ትለውሰዋለች፣ በላስቲክ ላይ ስስ አድርጋ ጣሪያዋ ላይ ታሰጣዋለች፣ የኛ ፀሐይ ደግሞ እንደሚያውቁት ነውና በአንድ ቀን ያንኮሻኩሸዋል። ከዚያ አሽታ፣ ነፍታ፣ በትንንሽ ፌስታል ቋጥራ ትልካለች። ገዢዋ በለብታ ውኃ ከአንድ እፍኝ ዱቄት ጋር ስትዘፈዝፈው በማግስቱ አረፋ ይዞ ይነሣል። ነገሩ ከዚህ የበለጠ ጥበብ የለውም። ሆኖም ጣይባ የዚያን ጣሪያ ፎቶግራፍ በለጠፈች ቀን አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወደደላት። እርስዎም በገዛ አውራ ጣትዎ «ልማታዊ እናት» ብለው ጽፈው ከቡድኑ አናት ላይ ሰቀሉት፣ እስከ መስከረም ድረስም አላወረዱትም።

የእኔን ማስታወቂያ ለማግኘት ሰው አውራ ጣቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ወደ ታች መውረድ ነበረበት። ሐሳቡን ያፈለቀ ከታች፣ የሠራበት ከላይ የሚሆንበትን ይህን አሠራር ከየትኛው መመሪያ እንዳገኙት ቢገልጹልኝ ለሥራ ባልደረቦቼም በማስተማሪያነት አቀርበዋለሁ።

2. የማክሰኞን ደንብ በተመለከተ

በደንብ ቁጥር አራት ማስታወቂያ የሚለጠፈው ማክሰኞ ብቻ ነው ብለዋል። እኔ ደንብ አክባሪ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ዳሩ ግን መሥሪያ ቤታችን የግምገማ ስብሰባ የሚያደርገው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፣ ስብሰባ በሌለበት ማክሰኞ ደግሞ ኔትወርክ አይኖርም። አንድ ረቡዕ ቀን ጠዋት አምላኬን ተማምኜ ብለጥፍ ከምሳ በፊት ተሰርዞ «ደንብ ይከበር» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

የሐምዲያ ልጅ ግን ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ ባሰኛት ቀን ትለጥፍ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ በጽሑፍ ስጠይቅዎ፣ የእሷ ማስታወቂያ ሳይሆን ምስጋና ነው የሚል ምላሽ ሰጡኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም ምስጋና ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ የአጣዬ ደንበኞቼ አላህ ይስጥልኝ፣ የላካችሁት ሰላምታ ደርሶኛል» ይላል። ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እኔ ከማስታወቂያ በስተቀር የምጽፈው አልነበረኝም፤ የሚያመሰግኑት ደንበኛ ያስፈልጋልና።

በግንቦት መጨረሻ ለአገር አቀፍ ፈተና ሲባል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ አገሩ ሁሉ ሲማረር እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ማንም ማንንም የማይወድባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያ ዓመት በደንብ የተኛሁት በእነዚያ ቀናት ነው።

3. የመምህር ዘነበን ጋቢ በተመለከተ

ይህ ጉዳይ በእርስዎም በአባላቱም ዘንድ በሚገባ የሚታወቅ ስለሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ ብል ደስ ባለኝ። በፋሲካ ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ትዕዛዜን አገኘሁ። እርሾውን ፈሳሹን እንዳለ በላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ሞልቼ፣ እንዳይፈስ ክዳኑን አጥብቄ፣ በላዩ ላይ ፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልዬ ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጠሁ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት የተሞላ እርሾ ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ምን እንደሚሆን፣ ደጋ ተወልጄ ባድግም፣ እኔ አላሰብኩም ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ላስቲኩ ፈነዳ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና ስላልተነሣ ተሳፋሪው ሁሉ ሌላ ነገር መስሎት ከወንበር ሥር ገባ። ከወንበር ሥር ሳይገቡ የቀሩት ለዓመት በዓል የተሠራ አዲስ ጋቢ የለበሱት መምህር ዘነበ ብቻ ነበሩ፤ እርሾውም በሙሉ እሳቸው ላይ አረፈ።

መምህሩ የጋቢያቸውን ፎቶግራፍ ቡድኑ ላይ ለጠፉት። መብታቸው ነው። በለጠፉት ፎቶ ሰባት መቶ ሰው ሲስቅ እርስዎ ደንብ ቁጥር ስድስትን፣ ማለትም «አባላት አይዋረዱ» የሚለውን፣ ለዚያ ሳምንት ለዕረፍት ልከውት ነበር። ይህንንም እንደ ሌላው ውለታዎ ቆጥሬ አስቀምጬዋለሁ።

እኔን የገደለኝ ግን ሳቁ አይደለም። ከሳቁ መካከል የሐምዲያ አስተያየት ነበር። እንዲህ አስጽፋለች፦ «ቆንጅዬ፣ እርሾ ነፍስ አለው እኮ። ወደ ደጋ ሲወጣ ይተነፍስበት፣ ክዳኑን ላላ አርጊለት። እኔም ላይ መጀመሪያ እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር።» በእሷ ላይ ሆኖ አያውቅም። ፈሳሽ ልካ አታውቅም። ሐፍረቴን ልትካፈለኝ ብላ የዋሸችው ነው። ለዚያች ውሸቷ ስድስት መቶ ሰው ወደደላት፣ እኔም ስልኬን ይዤ የማላውቀው ዓይነት ንዴት ሲበላኝ ዋለ። ቢሰድቡኝ እሳደብ ነበር። ደግነት ግን መልስ የለውም፣ ተሸክሞት ይኬዳል።

4. (ተሰርዟል)

በዚህ ተራ ቁጥር ሥር አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ነበር። መልሼ ሳነበው ስለ እርስዎ አንድ ቃል የለበትም። ስለ ሐምዲያ ነው። የጀውሃ ምግብ ቤቶች በመኪና መጥተው እርሾ ሲወስዱ ከእኔ በር ፊት እንደሚያቆሙ፣ በወንበር ላይ ቆሜ በአጥሩ አናት የተሰጣውን ላስቲክ እንደምቆጥር፣ ጣይባ «እማ፣ ሌላ ሰው ወደደው» እያለች ስትጮህ ሐምዲያ የምትስቀውን ሳቅ ምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ውስጤ ሲንጣጣ እንደምሰማው የሚዘረዝር ነው። ቅናት ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሌላ ስም ፈልጌለት ነበር፤ የፍትሐዊነት ጥያቄ፣ የመልካም አስተዳደር ችግር፣ የገበያ ሚዛን ብዬዋለሁ። ቅናት ነው። እርስዎን የማይመለከት በመሆኑ ሰርዤዋለሁ።

5. ጥቆማን በተመለከተ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እደርሳለሁ። ለክቡርነትዎ ከጥር እስከ ነሐሴ ድረስ በስሜ፣ በፎቶግራፌ፣ የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ጠቅሼ አሥራ አንድ አቤቱታ ጽፌልዎታለሁ። «ማስታወቂያ ሳይሆን ምስጋና ነው» ካሉኝ ምላሽ በስተቀር ለአሥሩ እስከ ዛሬ ድረስ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ።

መስከረም 5 ቀን በምሳ ሰዓት ወ/ሮ ከዲጃ ጻፈች። ከዲጃ ቡድኑን የተቀላቀለችው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ፎቶግራፏ ጽጌረዳ ነው። ጓደኛ የላትም፣ አገር የላትም፣ ከዚያ በፊት የጻፈችው አንድ መስመር የለም። በአራት መስመር ልጆቿ ታመሙ አለች። እርስዎ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የሐምዲያን ማስታወቂያዎች በሙሉ ደምስሰው፣ ሐምዲያን አባረው፣ ስሟንና ስልኳን በቀይ ፊደል ጽፈው «ጥንቃቄ ይደረግ» ብለው አናት ላይ ሰቀሉ። ያ «ልማታዊ እናት» ያሉበት ቦታ ላይ ማለቴ ነው።

ልጆቹ ማን ይባላሉ ብለው አልጠየቁም። የት ጤና ጣቢያ ታከሙ አላሉም። ለሐምዲያም የምትለው ካለ ትበል ብለው አልጻፉላትም። ይህች ሴት በሕይወት አለች ወይ ብለው እንኳ አላጣሩም። ስሙን የጻፈ አሥራ አንድ ጊዜ አቤት ሲል ያልተከፈተ በር ስም ለሌላት ጠቋሚ ወለል ብሎ ተከፈተ። ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ እውነቴን ስናገር ያላመኑኝ ሰው ስዋሽ ለምን እንዲያ ፈጥነው አመኑኝ?

ከዲጃ እኔ ነኝ።

ቃል በቃል የተየብኩት በመሥሪያ ቤቴ በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቼ ነው። ጽጌረዳውን ያነሣሁት ከግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። የእስላም ስም የመረጥኩት ሐምዲያ ከገዛ ወገኗ የመጣ እንዲመስላትና እንዲያማት ብዬ ነው፤ ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፣ እውነቱ ግን እንዲያ ነው። እኔ ልጅ የለኝም። በአራት መስመር ውስጥ ሁለት ልጆች ወለድኩ፣ እዚያው አሳመምኳቸው።

የምፈልገው አናት ላይ የተሰቀለው ፎቶ እንዲወርድ ብቻ ነበር። ሐምዲያ ትቆጣለች፣ ውሸታም ትለኛለች፣ ሰዎች ይከራከሩላታል፣ ነገሩ በሁለት ሳምንት ይረሳል ብዬ አስቤ ነበር። ሐምዲያን አሥራ አራት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ እንዳላወቅኳት የገባኝ በማግስቱ ነው። አልተቆጣችም። አመነች። ልጅ ታሞ እናት አትዋሽም ብላ አመነች። እርሾዋን፣ ከእናቷ ቤት ይዛው የወጣችውን፣ አንድ ቀን ሳይቋረጥ ያቆየችውን እርሾ፣ እስከ ጠብታው ከጓሮ ደፋችው። ዕቃውን በፈላ ውኃ አጠበች። ላስቲኩን ከጣሪያ አወረደች። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በአጥሩ አናት አየሁ። ያን ጊዜ እንኳ አንድ ቃል ወጥቶኝ ቢሆን እርሾው በተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ኩባያ ይዞ ወደ ሐምዲያ ግቢ የሚገባ ሰው ቀረ። ሰፈሩ ቀዩን ፊደል አንብቧል። የሚሸጠው ቢቀርባት ግድ አልነበራትም፤ ይህ ግን አሟታል። ሠላሳ ዓመት ለሰው እርሾ የሰጠች ሴት፣ ማንም መጥቶ ስጪኝ የማይላት ሆነች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይህ ነው።

የባሰው ገና ነው። ባለፈው ሳምንት እሷ ራሷ ኩባያ ይዛ እኔ በር ላይ ቆመች። ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፤ ይህን ደብዳቤና ጥቂት እርሾ። «ቆንጅዬ፣ ያንቺ የደጋ ነው፣ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «ቆላውን ይለምደው ይሆን ወይ?» ብላም ጠየቀችኝ። ቀድቼ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ፣ መረቀችኝም።

«የደጋ እርሾ» የሚባል ነገር የለም፣ አቶ ብሥራት። ይህንንም አላጣሩም። ከደብረ ብርሃን ይዤ የመጣሁት እርሾ እዚህ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ከርፍቶ ተደፍቷል። ሰው በማላውቅበት ከተማ፣ ሊጡን ምን ላድርገው ብዬ ግቢ መካከል ቆሜ ሳለ በአጥሩ ቀዳዳ በጣሳ እርሾ ያቀበለችኝ ሐምዲያ ናት። አሥራ አራት ዓመት የጋገርኩት በእሱ ነው። «የደጋ» ብዬ የሸጥኩትም፣ በመምህር ዘነበ ጋቢ ላይ የፈነዳውም እሱ ነው። እሷ ለእኔ መስጠቷን ረስታዋለች፤ እርሾ መስጠት እንደ ውለታ ተቆጥሮ የሚታወስ ነገር አይደለምና። የገዛ እርሾዋን ስም ቀይሬ መልሼ ሰጠኋት፣ ለዚያም ተመረቅሁ።

አቤቱታዬ ይኸው ነው። ደብዳቤውን እንድጽፍላት በሬ ካራጁ እንደሚውል መጥታ ያመነችኝን ሴት ጥያቄ ደግሞ እነሆ በወጉ አቀርባለሁ።

ወ/ሮ ሐምዲያ ሷሊሕ የከዲጃን አድራሻ ትጠይቃለች። እርስዎ ሊሰጧት ስላልቻሉ በእርስዎ ምትክ እኔ እሰጣለሁ። ከዲጃ የምትኖረው ከሐምዲያ ግቢ ቀጥሎ ባለው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ አልታመሙም፣ አልተወለዱምም። ሐምዲያ ልጆቹን ለመጠየቅ ብርቱካን ገዝታ አስቀምጣ ነበር። አድራሻው ሲዘገይ በሙቀቱ ተጨማድዶባት ትናንት ሌላ ገዛች፤ በአጥሩ በኩል አሳይታኛለች። በእኔ በኩል ስሟ በዚያው በቀይ ፊደል፣ በዚያው አናት ላይ፣ እንዲያውም ፊደሉ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲመለስላት አመለክታለሁ። እኔ ደግሞ በሁለቱም ስሜ ከቡድኑ እንድባረር እጠይቃለሁ። ለአንደኛዋ ብቻ ቢፈርዱ ሌላዋ ትቀናለች።

ለምን በአጥሩ በኩል በአፍሽ አልነገርሻትም ይሉኝ ይሆናል። አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አራቱንም ጊዜ ስለ ሙቀቱ አውርተን ተለያየን። ደግሞም በዘጠኝ ሺህ ሰው ፊት የጠፋ ስም በጓሮ በሹክሹክታ አይመለስም። በአደባባይ ያጎደፍኩትን በአደባባይ ማጠብ ግድ ሆኖብኛል፤ አደባባይ ያለን ደግሞ የእርስዎ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡ፣ ካነበቡም በኋላ እንደ ልማድዎ ዝም ስለሚሉ፣ ዝምታዎም ከአንዳንድ ፈጣን ውሳኔዎችዎ የተሻለ ጥበብ ስላለው፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። የአስተዳደር ዘመንዎ ይርዘም፣ ማሽንዎም ወረቀት መብላቱን ይተው።

በአውራ ጣትዎ ሥር ከሚተዳደሩት ዘጠኝ ሺህ ነፍሳት አንዷ፣
በመዝገብዎ ላይ ግን እንደ ሁለት የተቆጠረችው፣

ቆንጅት ተሰማ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ሐምዲያ ሷሊሕ፣ በልጇ በጣይባ ስልክ
ለመምህር ዘነበ፣ ከልብ ከሆነ ይቅርታና ከአንድ ሳሙና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ደንብ ቁጥር አራትን አክብሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ ሊሰርዙት እንደሚፈልጉ እገምታለሁ፣ አልቀየምዎትም። እስከ ዛሬ ካየሁት ውሳኔዎ ሁሉ ፈጣኑ አርባ ደቂቃ የወሰደው ስለሆነ፣ ጣይባ ከትምህርት ቤት ገብታ ስልኳን በምትከፍትበት በስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ልጅቷ ጮክ ብላ ለማንበብ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅባትም። እርስዎ ደብዳቤውን ለመሰረዝ አውራ ጣትዎን ሲያነሡ ሐምዲያ ሰምታ ጨርሳለች። እኔ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ቤት ነኝ። ብርቱካኑን ይዛ ብትመጣም፣ ባዶ እጇን ብትመጣም፣ በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ፤ ባትመጣም ክፍቱን ትቼዋለሁ።